የመንገድ ሽሮ

ብርነሽን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የፕላስተር ድምፅ ነበር። ጭርር ይላል፤ ያቆማል፤ በጥርስ ይቆረጣል፤ ደግሞ ጭርር ይላል። የምትተኛባት የጓሮ ክፍል ከማድቤቱ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ስለምትገናኝ እዚያ የሚደረገው ሁሉ አልጋዋ ድረስ ይሰማል። ጋቢዋን ደርባ ወጣች። ሰኔ ገብቷል፤ የደብረ ታቦር ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ግቢው በሌሊቱ ዝናብ ጨቅይቷል። የወንድሟ ሚስት ዓለሚቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በጉልበቶቿ መካከል አንድ ያበጠ ፌስታል ይዛለች። በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ፤ በዚያኛው ውስጥ ሽሮ። አፉን ደጋግማ አጥፋ በሰፊ ፕላስተር ትጠመጥመዋለች። ከጎኗ በዚያው ዓይነት የታሸገ ሌላ አለ፤ ቀይ ነው፤ በርበሬ። ብርነሽን ስታይ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ በላዩ ዘረጋችበት፤ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ።

"ለማን ነው?" አለች ብርነሽ።

"ለቤት ነዋ። ለማን ይሆናል?"

"የቤት ሽሮ በፕላስተር ይታሸጋል?"

"ነቀዝ አስቸገረን እኮ፣ እታለም።"

ብርነሽ እታለም ስትባል ሌላ አልጠየቀችም። ዓለሚቱ በዚህ ስም የምትጠራት አንድ ነገር ስትፈልግ ወይም አንድ ነገር ስትደብቅ ነው። በሌላው ቀን "አንቺ" ትበቃለች። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሩ ሰው፤ ብርነሽም ዝም ብላ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እሷ ግን አልተሰማትም፤ ሐሳቧ ፕላስተሩ ላይ ነበር። በዚህ አገር ስንቅ አፍ አለው። ሰው ወዴት እንደሚሄድ ስንቁ ይናገራል። ባሕር ዳር ለሚሄድ ቆሎ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ለሚሄድ ተማሪ በሶና ዳቦ ቆሎ ይቋጠርለታል፤ ሽሮማ እዚያ በየሱቁ ሞልቷል። ምጥን ሽሮ ሁለት ጊዜ አስፈጭቶ፣ እንደገና ፀሐይ አስመትቶ፣ በድርብ ፌስታል አሽጎ በፕላስተር መጠምጠም ለአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ሰው ቤት ለሚያገለግል። ብርነሽ ይህን ስንቅ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ቤይሩት፣ አንድ ጊዜ ጅዳ ተሸክማው ሄዳለች። እመቤቶቿ ከተኙ በኋላ በሻይ ማፍያ አፍልታ፣ በዳቦ እየጠቀሰች፣ ጠረኑ እንዳይወጣ መስኮት ከፍታ በልታዋለች። ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ዳግመኛ አልሄድም ብላለች። እስከዛሬም ሂጂ ያላት የለም።

ምናልባት ለማስተዋል ይሆናል፣ አለች በልቧ። ማስተዋል የወንድሟ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አውሮፕላን ላይ የሚያስተናግዱ ልጆች የሚማሩትን ትማራለች፤ ለተጨማሪ ሥልጠና አዲስ አበባ ትሄዳለች ተብሎ ይወራል። ግን አዲስ አበባ ሽሮ አይወሰድም። ይህን ዓለሚቱም ታውቃለች።

ሳሎን ስትገባ ወንድሟ ሙላቴ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሙላቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ ቤቱም ውስጥ በጣቱ ያሽከረክራል። ሳሎኑ ትልቅ ነው። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የመስኮቱ ብረት፣ ከላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ሁሉም ብርነሽ ከባሕር ማዶ በላከችው የተሠራ ነው፤ የቤቱ ካርታ በሙላቴ ስም ነው። ፓስፖርቷም ከመጣች ጀምሮ "እንዳይጠፋብሽ" ብሎ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። ማስተዋል መስታወት ፊት ቆማ እርሳስ በጥርሷ ነክሳለች። አስተማሪዋ ያዘዘው ነው፤ ፈገግታው ከጉንጭ እንዲለምድ።

"ከድኚው ያን ጥርስ" አለች ዓለሚቱ ከኋላ ገብታ። "ለመጣው ለሄደው ሁሉ ጥርስ ማሳየትን ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ የሚማር አለ?"

"ተያት" አለ ሙላቴ። "ሆስተስ ካልሳቀች አትቀጠርም።"

ሆስተስ የሚለው ቃል በዚህ ቤት የገባው በግድ ነው። ልጅቱ የተመዘገበች ሰሞን ሙላቴ እድር ላይ ተነሥቶ "ልጄ የበረራ አስተናጋጅ ልትሆን ነው" ብሎ ተናግሮ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከዳር ሆነው "አስተናጋጅ ከሆነ መናኸሪያው ዙሪያ ያለው ቡና ቤት ሁሉ ይፈልጋል፤ ምን ያስበርራታል?" አሉት። እድርተኛው ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሙላቴ ቤት አስተናጋጅ የሚል ሰው የለም።

"ዛሬ ከማስተዋል ጋር እሄዳለሁ" አለች ብርነሽ።

"ወዴት?"

"ትምህርት ቤቷ። የትኬት ሥልጠና አለ አሉ። ትኬት መቁረጥ፣ ጉዞ ማስያዝ። ዕድሜ አይገድብም፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ይችላል አሉ። ያን ከያዝሁ እዚሁ ከተማ የጉዞ ወኪል ቢሮ መቀጠር እችላለሁ።"

ሙላቴ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። "መጀመሪያ የልጅቱ ይለቅ" አለ።

"የሷ ማለቅ ከኔ መማር ጋር ምን አገናኘው?"

ዓለሚቱ ባሏን አየች። ባሏ በሩን አየ። ማስተዋል እርሳሱን ከጥርሷ አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው። ጾም ስለነበር ሴቶቹ አልቀመሱም፤ ሙላቴ ብቻ የተረፈውን ዳቦ በሻዩ ነክሮ በዝግታ በላ። ሦስቱም እስኪጨርስ ጠበቁት፤ የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል።

ባጃጁ ለሰው ሃያ ብር አላቸው፤ ዓምና አሥር ነበር። ብርነሽ ለሁለቱም ከፈለች። ማስተዋል ሰማያዊ ጉርድና ቀይ የአንገት ልብስ አድርጋ እግሯ ላይ የፕላስቲክ ጫማ ተጫምታለች፤ ባለ ተረከዙን ጭቃ እንዳይነካው በፌስታል ይዛዋለች። መንገዱን ሁሉ ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና ሲቃረቡ ዞረች።

"እቴቴ፣ እዚያ ሲደርሱ ከታች ቢቆዩስ? እኔ እጠይቅልዎታለሁ።"

"አፍ የለኝም እንዴ?"

"አለዎት፤ ግን ሰዎቹ... እንግዳ አይወዱም።"

"ተማሪ ልሆን ነው የመጣሁ፤ ምን እንግዳ አደረገኝ?"

ማስተዋል ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። በዚያ ቤት አክስት አንቱ ትባላለች፤ ልጅቱ አፏን ከፈታች ጀምሮ ብርነሽን በስሟ ጠርታ ወይም አንቺ ብላ አታውቅም። ቤይሩት ሳለች እንኳ በስልክ "እቴቴ ደኅና ነዎት? ጫማ ይላኩልኝ" ነበር የምትል። ብርነሽ ያን ድምፅ ለመስማት ብላ ካርድ ትሞላ ነበር።

ትምህርት ቤቱ "ጉና ክንፍ የበረራና የጉዞ ሥራ ማሠልጠኛ" ይባላል። ሕንፃው አላለቀም፤ ከጣሪያው ላይ ብረት እንደ ጎፈሬ ቆሟል። ከታች ስልክ ይሸጣል፤ ከመካከል ጥርስ ይነቀላል፤ ከላይ መብረር ይማራሉ። ደረጃው መደገፊያ የለውም። ክፍሉ ሲገባ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲሚንቶው ያልደረቀ ይመስል ይሸታል። በመካከሉ ከተሰባበረ አውቶቡስ የተነቀሉ ወንበሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ አሁንም "ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ በጀርባው አለበት። የሻንጣ ማንገቻ ቆርጠው የወንበር ቀበቶ ሰፍተውለታል። በፊት በኩል መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከመጋረጃው ኋላ አብራሪው አለ ይባላል፤ ያለው ግን መጥረጊያና ባልዲ ነው። ልጃገረዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ጫማቸውን ይቀይራሉ። አስተማሪው ደረጄ ይባላል። ቀይ ከረባት አስሯል፤ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። አየር ማረፊያ ሠርቻለሁ ይላል፤ ምን እንደሠራ ግን ተናግሮ አያውቅም።

"እኚህ ማን ናቸው?" አለ ብርነሽን አይቶ።

ማስተዋል ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቅ ነበር። ቀና አላለችም።

"እቤት የምታግዘን ናት" አለች።

ናት አለች። ብርነሽ መጀመሪያ ስለሌላ ሰው የሚያወሩ መሰላት፤ ወደ ኋላዋም ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ በሩ ብቻ ነበር። ደረጄ "ናቸው" ማለቱን ወዲያው ተወ።

"ሠራተኛችሁ ናት? በይ ግቢ እንግዲህ፤ ተሳፋሪ ጎድሎን ነበር። እዚያ፣ መስኮቱ ጋ ቁጭ በይ። አይዞሽ፣ አንበርም።"

ልጆቹ ሳቁ። ብርነሽ ልትመለስ ትችል ነበር። "አክስቷ ነኝ" ልትልም ትችል ነበር። የልጅቱን ማጅራት አየች፤ በፍርሃት ቀልቷል። ይህን ማጅራት ጨቅላ ሳለ አዝላዋለች። ቃሏን ውጣ ሄዳ ተቀመጠች፤ ቀበቶውንም ወገቧ ላይ አሰረች። ደረጄ እጁን አጨብጭቦ ልጆቹን ሰበሰበ።

"ዛሬ የጅዳውን በረራ ነው የምንሠራው" አለ። "እስከ ትናንት የተማራችሁት ፈገግታ ለአውሮፓው ተሳፋሪ ነው። እነዚህ ለቤት ሥራ የሚሄዱት ላይ ከሳቃችሁ ይንቋችኋል። ድምፅ ከፍ፣ ዓይን ፍጥጥ! ውሃ ሲጠይቁ አንድ ጊዜ ስጡ፤ ሁለተኛ ሲጠይቁ አልሰማችሁም። ሽንት ቤቱን አያውቁበትም፤ በር ላይ ቁሙ። እኛ እርስ በርሳችን ምን እንደምንላቸው ነግሬያችኋለሁ። ምን እንላቸዋለን?"

"ካርጎ!" አሉ ባንድ አፍ።

"ካርጎ ማለት?"

"ጭነት!"

"የሚናገር ጭነት" አለ ደረጄ፤ በራሱ ቀልድ መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

ብርነሽ ቃሉን ሰምታው አታውቅም፤ ነገሩን ግን ታውቀዋለች። ከጅዳ ስትመለስ ውሃ ለምና ጣሪያ ጣሪያ ያየችባት ልጅ በማስተዋል ዕድሜ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ቀይ ጨርቅም አንገቷ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የልጅቱ ክፋት መስሏት ነበር። ለካስ ትምህርት ነው። ለካስ እሷው ራሷ የምትከፍልበት ትምህርት ነው፤ የማስተዋልን መመዝገቢያ የከፈለችው ብርነሽ ነበረች፤ የቀራትን የአንገት ሀብል ሽጣ።

"ማስተዋል! ያንቺ ተራ ነው። ያቺን መስኮቱ ጋ ያለችውን ያዣት። አልቀመጥም ብላሻለች እንበል።"

ማስተዋል በተረከዟ እየተንገዳገደች መጣች። በአውቶቡሱ ወንበሮች መካከል ቆመች። "ቀበቶ... ቀበቶሽን እሰሪ" አለች።

"አልተሰማም! እንዲህ ካልሻት አናትሽ ላይ ነው የምትወጣው። ድገሚላት!"

"አንቺ!" አለች ማስተዋል ጮኻ። "ቁጭ በይ አላልሁሽም?"

ብርነሽ ቁጭ ብላ ነበር። ቀበቶዋም ታስሯል። ከሥር ወደ ላይ ልጅቱን አየቻት። ማስተዋል ለአንድ አፍታ ዓይኗን ልትሰብር ቃጣትና እንደተማረችው አፈጠጠች። ልጆቹ አጨበጨቡ። "በቃ፣ ይቺ ልጅ ደርሳለች" አለ ደረጄ።

ለሻይ ሲበተኑ ማስተዋል ከሁሉም ቀድማ ወጣች። ብርነሽ ቀበቶውን ፈታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ደረጄ ሄደች። የመጣችበትን ሳትጠይቅ መመለስ አልፈለገችም።

"ጌታው፣ የትኬቱን ሥልጠና ልጠይቅዎ ነበር።"

"ለማን?"

"ለራሴ። አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ።"

ደረጄ ከሻሿ እስከ ጫማዋ አያት። አልተቆጣም፤ እንዲያውም አዘነላት።

"የኔ እመቤት፣ ትኬት የሚቆርጥ ሌላ፣ የሚቆረጥለት ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ቢሮ ከተቀመጠ ማን ይሄዳል? ጉልበት እያለሽ ምን ሰው ቤት ያንከላውስሻል? ዓረብ አገር አትሄጂም? የነማስተዋልን አክስት አታዪያትም? ይኸው ተመልሳ ልትሄድ አይደል።"

"ማን አለ?"

"አባትየው ነዋ። ልጁን ለአዲስ አበባው ሥልጠና ሊያስመዘግብ መጥቶ ነበር። ክፍያውስ ብለው 'እህቴ ሐምሌ ላይ ትሄዳለች፤ ከደመወዟ እየላከች ትጨርሳለች' አለኝ። ፓስፖርቷንም ለወኪሉ አስረክቧል። እዚያው ቤት እየዋልሽ አልሰማሽም?"

"አልሰማሁም።"

"ደግ አደረጉ። ሠራተኛ ሁሉን መስማት የለበትም።"

ያን ደረጃ እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ባጃጅ አልያዘችም። ካፊያው ጀምሯል፤ ሰዎች በየበረንዳው ተጠግተዋል። ጭቃውን እየረገጠች በገበያው በኩል አለፈች። በርበሬ ኪሎው ስምንት መቶ ገብቷል እያሉ ሁለት ሴቶች ይጨቃጨቃሉ፤ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰልፍ አለ። ፈጪው ፋንታው ሽፋሽፍቱ ድረስ ዱቄት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሲያያት እጁን አነሣ።

"ብርነሽ! መንገዱን ያቅናልሽ!"

"የምን መንገድ?"

"አይ፣ ደብቂ! የሚሄድ ሰው ይደብቃል፤ ዓይን ያስፈራል። ግን ከኔ አትደብቂ። ሽሮሽን የፈጨሁት እኔ አይደለሁ? ሁለቴ ነው የመለስሁት። ዓለሚቱ 'የመንገድ ነው፣ አልመህ ፍጭልኝ' ብላ ቆማ አስፈጨችኝ።" ከዚያ ሳቅ ብሎ ጨመረ፤ "እዚያ ስትበይው አስታውሽኝ እንግዲህ።"

ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ "ያቅናልሽ፣ ያቅናልሽ" አሉ። አንዷ እንዲያውም እጇን ሳመቻት። ከተማው ሁሉ ሸኝቷታል። ያልተነገራት እሷ ብቻ ናት። ብርነሽ "አሜን" አለች። ምን ትበል? የመረቀን ሰው እንዴት ትቆጣው?

ቤት ስትደርስ ማንም አልነበረም። ዓለሚቱ ለቅሶ ሄዳለች፤ የሙላቴ መኪና አልመጣም። ማድቤት ገብታ መደርደሪያውን አየች። የቤቱ ሽሮ በጣሳው አለ፤ ነጭ ነው፤ ባቄላ የበዛበት፣ ቅመም ያልነካው፤ ዓመቱን ሁሉ የሚበሉት እሱን ነው። የታሸገው የለም። በየጥጉ ፈለገች። በኋላ አንድ ሐሳብ መጣላትና ወደ ጓሮ ክፍሏ ገባች፤ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ሻንጣዋን ሳበች። ባዶ ነበር፤ ዛሬ ግን ከበዳት። ከፈተችው። ጅዳ ትለብሰው የነበረው ጥቁር አባያ ታጥቦ ተጣጥፏል፤ አጣጣፉ የዓለሚቱ ነው። ሽሮውና በርበሬው በአባያው ተጠቅልለው መካከል ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳርና ዳሩን ሳሙና፣ የራስ ምታት ክኒን፣ አዲስ የውስጥ ልብስ። ሁሉ ነገር ታስቦበታል። ሰው ሲሞት ከፈን የሚያዘጋጅ እንኳ እስኪሞት ይጠብቃል፣ አለች። አላለቀሰችም። ፌስታሎቹን አውጥታ ሻንጣውን በእግሯ መልሳ ገፋችው።

ማድቤት ገብታ በርበሬውን ከመደርደሪያው ሥር አኖረች፤ የሽሮውን ፕላስተር በቢላ ቀደደችው። ጠረኑ ክፍሉን ሞላው፤ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉም አለበት። ዓለሚቱ ባለሙያ ናት፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ብርነሽ እሳት አንድዳ፣ ሽንኩርት ከትፋ፣ ዘይቱን ሳትሰስት አፍስሳ፣ ትልቁን ድስት ጣደች። ለአራት ሰው የሚበቃ ሽሮ በማንኪያ ይሰፈራል፤ እሷ በጣሳ ጨመረችው። ሲንተከተክ ቆማ አየችው። ይህ ሽሮ ወር ሙሉ ሌላ አገር ሌላ ማድቤት ውስጥ ሊሸሸግ ነበር የተፈጨው።

ሲመሽ አራቱም ሳሎን ማዕድ ከበቡ። ማስተዋል ገብታ ስትቀመጥ የብርነሽን ፊት አላየችም፤ ፕላስቲክ ጫማዋን እያየች ተቀመጠች። ተረከዟ ቆስሏል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሙላቴ እንጀራውን ቆርሶ ጠቀሰ፤ ጎረሰ፤ ደግሞ ጎረሰ።

"ዛሬስ ምን ገባበት?" አለ። "እንዲህ ያለ ሽሮ ከበላሁ ዓመት አልፎኛል።"

ዓለሚቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቀመሰች። እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። የራሷን ቅመም የማታውቅ ሴት የለችም።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከቤት" አለች ብርነሽ። "ለቤት ነው አላልሽኝም?"

"የመንገዱን?" አለ ሙላቴ፤ ቃሉ ካፉ ካመለጠ በኋላ ምላሱን ነከሰ።

"የማን መንገድ?"

ሙላቴ በእጁ ያለውን ጉርሻ የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

"ልንነግርሽ ነበር" አለ። "ጾሙ ይፈታ ብለን ነው። አንድ ኮንትራት ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት እንደቀልድ ያልፋል። ይቺ ልጅ ክንፍ ታውጣ፤ ከዚያ ወዲያ አንቺም ታርፊያለሽ። ላንቺው ብለን ነው፣ እቴ።"

"አልሄድም።"

"እና ምን ልትሠሪ ነው? ሰው ያለ ሥራ በሰው ቤት እስከ መቼ ይቀመጣል?"

በሰው ቤት አለ። ዓለሚቱ እንኳ ቀና ብላ አየችው። ብርነሽ አንገቷን ነቀነቀች፤ ስትጠብቀው የኖረች ቃል ዛሬ የመጣላት ይመስል።

"ሥራማ አለኝ" አለች። "ልጅህን ጠይቃት። ንገሪያቸው እንጂ፣ ማስተዋል። አስተማሪሽ ማን ናት ሲልሽ ምን አልሽው?"

ማስተዋል የቆሰለ እግሯን ከቀሚሷ ሥር ሰበሰበች።

"ንገሪ! ጠዋት ጮኸሽ ስትናገሪ ነበር እኮ።"

"እቤት የምታግዘን... አልሁ" አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋ ከዝናቡ በታች ነበር።

"ምን አልሽ?" አለች እናቷ።

"አትቆጫት። ሐሰት አልተናገረችም" አለች ብርነሽ። "አጥቤያለሁ፣ ጋግሬያለሁ፣ ጓሮ ተኝቻለሁ፤ ሠራተኛ ነኝ። ሠራተኛ ከሆንሁ ግን ስንቅ አይቋጠርልኝም፤ ደመወዜ ነው የሚሰጠኝ። የሁለት ዓመቱን ስጡኝ፤ በሱ ትኬቱን እማራለሁ፤ እዚህ አላስተምርም ካሉኝ ባሕር ዳር ሄጄ እማራለሁ። እህት ከሆንሁ ደግሞ ይህ የሰው ቤት አይደለም። የቱን እንደሆንሁ እናንተው ተማከሩ። ፓስፖርቴን ነገ ከደላላው ተቀብለህ ታመጣለህ፣ ሙላቴ። ካላመጣህ እኔው ሄጄ ፖሊስ ይዤ አመጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ እድሩ ሌላ የሚስቅበት ያገኛል።"

"እንዲህ ነው የምትናገሪኝ?" አለ ሙላቴ። "በልጄ ፊት?"

"ካርጎ ይናገራል" አለች ብርነሽ። ማስተዋል ብቻ ደነገጠች፤ ሌሎቹ ቃሉን አያውቁትም።

ተነሥታ ከማድቤቱ የታሸገውን በርበሬና የቤቱን የበርበሬ ባልዲ አመጣች። የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ ፈልጋ ሳበችው። ጭርር አለ። የጠዋቱ ድምፅ ነው፤ ዓለሚቱ ሰማችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ብርነሽ ፌስታሉን ከፍ አድርጋ ባልዲው ውስጥ ባንድ ጊዜ ገለበጠችው። ቀዩ ብናኝ ተነሥቶ አምፖሉን ሸፈነው፤ ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ማዕዱ ላይ ወረደ። ሙላቴ ሳለ፤ ዓይኑን ይዞ ጎንበስ አለ። ዓለሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ማስተዋል እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ በርበሬው ይሁን ሌላ አይታወቅም።

"በሩን ክፈቱት! ልንታፈን ነው!" አለ ሙላቴ እየሳለ።

ብርነሽ ባዶውን ፌስታል እንደያዘች ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደች። ማስተዋል ከማዕዱ ዘላ ተነሣችና ቀደመቻት፤ በቆሰለ እግሯ በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

"ይቀመጡ፣ እቴቴ" አለች። "እኔ እከፍተዋለሁ። እባክዎ፣ ይቀመጡ።"

ብርነሽ አልተቀመጠችም።